ከብብት በታች

በሚላኖ ከተማ፣ በብረት ሠሪዎች ሰፈር እንደ ዛኒኖ ያለ ቀስተኛ አልነበረም። ይህን የሚሉት ሌሎች ናቸው፤ እሱ ግን ሲባል ሰምቶ አፍሮ አያውቅም።

ሥራው ሰው መግደል አይደለም። ጥሩር የሚባለው የደረት ብረት ተቀጥቅጦና ተወልውሎ ሲያልቅ፣ በብረት ሠሪው በአለቃ ዳሚያኖ ጓሮ በቆመው ግንድ ላይ ሆዱን ጭድ ተሞልቶ ይሰቀላል። ዛኒኖ ባለመዘውር ቀስቱን ይዞ ከፊቱ ይቆማል። ያ ቀስት በክንድ የሚገተር አይደለም፤ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ እንደሚስብ ሰው እያቃሰቱ መዘውሩን ማዞር ነው። አውታሩ ሲወጠር ያነጣጥርና ይለቀዋል። ፍላጻው ብረቱን ካልበሳው፣ የመታበት ስርጉድ ሳይወለወል እንዲሁ ይተዋል፤ ከጎኑም የዳሚያኖ ማኅተም ይመታበታል። ወታደሩ መጥቶ አውራ ጣቱን ስርጉዱ ውስጥ ከከተተ በኋላ ሌላ ጥያቄ የለውም። የካህን ቡራኬ ቢቀርበት ይቀርበታል እንጂ ስርጉድ የሌለው ብረት አይለብስም።

እንግዲህ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጥሩር መሀሉ ላይ ከአንገት ወደ ሆድ የሚወርድ ሸንተረር አለው። ብረቱ ከሁሉ ቦታ የሚወፍረው እዚያ ነው፤ የመጣውን ፍላጻ ግራና ቀኝ አንሸራቶ የሚጥለውም እሱ ነው። ዛኒኖ ሸንተረሩን ስቶ አያውቅም፤ እሱ የተኮሰበት ጥሩር ወድቆም አያውቅም። ብረት ሠሪዎቹ የሚሻሙበት ዓይኑ ስለማይስት መሆኑን ያውቅ ነበር፤ በዚህም ይኮራ ነበር። ዓይነ ደካማ ሰው ቢሆን ኖሮ አንዷን ፍላጻ ወደ ጎን ያስታት ነበር፤ ያን ጊዜ ስንቱ ጉድ ይፈላ ነበር! ይህን ግን አስቦት አያውቅም። ሰው እንጀራው ከየት እንደሚመጣ አጥብቆ አይጠይቅም።

በዚያ ሰሞን ጥድፊያ ነበር። አዝማች ኮራዶ የሚባል አንድ ዓይና የጦር ሰው ጭፍራውን ይዞ ቬኔዚያዎችን ሊገጥም ወደ ምሥራቅ ሊወርድ ነውና፣ ጥሩር በላይ በላይ ይታዘዛል፤ በዳሚያኖ ቤትም መዶሻው ፋታ አጥቷል። ዛኒኖ ከመጨረሻዎቹ አንዱን ሲተኩስ ጥሩሩ ጮኸ። ደህና ብረት ሲመታ ድምፁ አጭር ነው፤ «ጧ» ብሎ ዝም ይላል። ይሄኛው ግን መሀሉ ዝም ካለ በኋላ ጎኖቹ ተንጫረሩ፤ ከጣራ ላይ እንደወደቀ ቆርቆሮ። ብረቱን ያሳሱት ከልክ በላይ ነው።

ዳሚያኖም ሰምቷል። ሁለቱ ተያዩ። ሽማግሌው ማኅተሙን አንስቶ ከስርጉዱ ጎን መታበት፤ ዛኒኖም ሌላ ፍላጻ አነሳ። የሚለብሰው ሌላ ሰው ነው፤ ሌላ ሰው ደግሞ መልክ የለውም።

ከቀናት በኋላ ወደ ማታ ላይ ቤቱ ተቀምጦ የጎመን ሾርባውን ሲጠጣ በሩ ተበረገደና አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር በጎኑ ገባ።

«ማነው ይሄ ቆርቆሮ ነጋዴ?» አለች ሚስቱ ኦርሶላ።

«ወታደር በይኝ እንጂ!» አለ ማርኬቶ፣ የዛኒኖ ታናሽ ወንድም። «ከዛሬ ጀምሮ የአዝማች ኮራዶ ሰው ነኝ። የካቴድራሉን እብነ በረድ የጫነ ጀልባ በቦዩ ዳር በገመድ መጎተት በቃኝ! ትከሻዬ እንደ በሬ ጫንቃ ተልጧል። ነገ ጠዋት እንሄዳለን።»

እናታቸው ስትሞት ማርኬቶ ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም ነበር። ዳቦ አላምጦ ያጎረሰው፣ የጫማውን ማሰሪያ ያሰረለት፣ ወንዙ ዳር ሲሄድ በጥፊ የመለሰው ዛኒኖ ነው። አሁን ልጁ በሩን የሚሞላ ጎረምሳ ሆኗል፤ ለዛኒኖ ግን አሁንም ወንዝ ዳር እንደቆመ ነው።

«እየው፣ እየው!» አለ ማርኬቶ አውራ ጣቱን ደረቱ መሀል ከቶ። «ከተደረደሩት ሁሉ ይሄን ለምን እንደመረጥኩት ታውቃለህ? ስርጉዱን አየኸው? ሌሎቹም ደህና ናቸው፤ ይሄ ግን በገመድ ተለክቶ የተመታ ነው የሚመስለው። ከሁሉም ያማረች ምትህ ይቺ ናት። ወንድሜ በእጁ የባረከውን ትቼ የማንን ልልበስ ነው አልኩ።»

ዛኒኖ ሾርባውን አስቀመጠ። ዓይኑ የሄደው ወደ ስርጉዱ አይደለም። በጥሩሩ አንገት ሥር ራሷ የተጣመመች አንዲት ምስማር ነበረች፤ ያ ጥሩር የጮኸ ቀን ሲያነጣጥር አይቷታል። ተነሥቶ ቀረበና፣ ከማርኬቶ ግራ ክንድ ሥር ብረቱን በጥፍሩ ነካ አደረገው። ብረቱ ተንጫረረ።

«አውልቀው።»

«ምን?»

«ይሄን ለብሰህ አትሄድም። ጎኑ ስስ ነው።»

«ጎኑ ስስ ያልሆነ የማን ጥሩር አለ?» ማርኬቶ ሳቀ። «እጄን ላነሣበት አይደል እንዴ!»

«ይሄ ከዚያም የባሰ ነው። ስተኩሰው ጮኋል።»

«ጮኸ? ምን ብሎ ጮኸ? ‹ማርኬቶን አደራ› ብሎ?»

ኦርሶላ እንኳ ሳቀች። ዛኒኖ ግን የልጁን ክንድ ይዞ አልለቅ አለ። ከማርኬቶም ፊት ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«ቆይ እስኪ» አለ። «ማኅተሙ ውሸት ነው እያልከኝ ነው? ታዲያ ሲመታበት አንተ ቆመህ ምን ትሠራ ነበር?»

ዛኒኖ ክንዱን ለቀቀው።

«አየህ? ውሸት አይደለም። የፈራኸው እኔ ከጉያህ መውጣቴን ነው። ብረት የሌለውን ሰው አዝማቹ ስሙን ሰርዞ ሌላ እንደሚያስገባ ታውቃለህ። ሌላ ጥሩር የለም፤ ሁሉም ታድሏል። ይሄን ካወለቅሁ ነገ ተመልሼ ገመድ ነው የምጎትተው። እሱን ነው የምትፈልገው?»

ኦርሶላ ከሳጥኗ አንድ ወፍራም እጀ ጠባብ አወጣች። በፍታ በበፍታ ላይ ደራርባ፣ ጾሙን ሙሉ ጣቷ እስኪቆስል የሰፋችው ነው። «በሉ ተዉ፣ አትጨቃጨቁ። ቢያንስ ይሄን ከሥር ልበሰው። ብረት የሚያሳልፈውን አንዳንዴ ጨርቅ ይይዘዋል ይላሉ።»

«ድሪቶ ለብሼ ከሰው ፊት ልቁም? ሰዎቹ በሳቅ ነው የሚገድሉኝ!»

«ከፍላጻ ሳቅ ይሻላል።»

ማርኬቶ ግን እጀ ጠባቡን ወንበር ላይ ወርውሮ ከጓደኞቹ ጋር ሊያድር ወጣ። ሲወጣ የብረቱ ጎን በሩን ነካው፤ ያቺው ድምፅ ተሰማች።

ዛኒኖ መቆሚያ መቀመጫ አጣ። ሾርባውን አነሣ፣ አስቀመጠ። ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ተመለሰ። ኦርሶላ «ወይ ተቀመጥ ወይ ውጣ፤ ወለሉን ልትበሳው ነው» ስትለው ካባውን ነጥቆ ወጣ።

አለቃ ዳሚያኖ በቀዘቀዘው ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ብረት የሚቀጠቅጥበትን መስፍ ገበታ አድርጎ ዳቦና አይብ ይበላ ነበር።

«አለቃ፣ ያ የጮኸው ጥሩር ወንድሜ ላይ ነው ያለው።»

ሽማግሌው ማላመጡን አቆመ። «ማርኬቶ ላይ?» አለ። ለአፍታ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አለፈ፤ ከዚያ ዋጠው፣ ከአይቡ ጋር። «እኔ ያስረከብኩት ለአዝማቹ ነው። ማን እንደሚለብሰው ምን አውቃለሁ?»

«ሌላ ይስጡት።»

«ከየት አምጥቼ? መደርደሪያው ባዶ ነው፤ ከሰሉም አልቋል።»

«እንግዲያው ነገ በሰው ሁሉ ፊት ጎኑን እተኩስበታለሁ።»

«ስማኝ ዛኒኖ» አለ ዳሚያኖ ቢላዋውን አስቀምጦ። «ብረት ክብደት አለው። ደረቱንም ጎኑንም አንድ ላይ ካወፈርኩት ሰውዬውን ፍላጻ ሳያገኘው ሙቀት ይጨርሰዋል። ፊቱን ለጠላት የሰጠ ሰው እኔ የሠራሁትን ለብሶ በቀስት አይሞትም፤ ይሄን በቅዱስ አምብሮዝዮስ ፊት እምላለሁ። ጎኑን ክንዱ ይጠብቀዋል፣ ባልንጀራው ይጠብቀዋል።»

«ይሄኛውስ?»

«ይሄኛው…» ሽማግሌው እጁን ተመለከተ። «ይሄኛው ጥድፊያ ነው።»

«እያወቁ ማኅተም መቱበት!»

«አንተስ?» ዳሚያኖ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ድምፁም አብሮ ተነሣ። «አንተስ አልሰማህም? ይሄን ያህል ዘመን ሸንተረሩን ብቻ ስትመታልኝ ኖርክ። አንድ ቀን እንኳ ‹አለቃ፣ እስኪ ጎኑን ልሞክረው› ብለኸኛል? እኔም አላልኩህም፤ አንተም አላልከኝም፤ እንጀራችንን በላን። ዛሬ ወንድምህ ሲሆን መጣህ። እነዚያ ሁሉ ልጆች ወንድም አልነበራቸውም?»

ዛኒኖ ወደ በሩ ዞረ። ሽማግሌው ክፉ ሰው ቢሆን በቀለለው ነበር።

ሲወጣ እግሩ ወዴት እንደሚወስደው አላወቀም። በቦዩ ዳር ወረደ፣ ወጣ፤ የማርኬቶ ገመድ ያለሰለሰውን ድንጋይ ረግጦ ቆመ፤ መቆሙም አቃተው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። የተኮሰባቸው ጥሩሮች ሁሉ ድምፃቸው ጆሮው ላይ ይመጣበት ጀመር፤ የትኛው አጭር ነበር፣ የትኛው ትንሽ ረዘመ? ከዚህ ቀደም አድምጦ ነበር ወይስ አላደመጠም? አልጋው ውስጥም ሲገላበጥ ነጋበት።

ጠዋት ቀስቱን በትከሻው፣ የኦርሶላን እጀ ጠባብ በብብቱ ይዞ ከከተማው በር ውጭ ወዳለው መስክ ሄደ። ጭፍራው ተሰልፏል፤ ፀሐይዋ በደረታቸው ላይ ትጫወታለች። ዛኒኖ በሰልፉ ፊት ሲያልፍ ከየደረቱ ላይ የገዛ ስርጉዱ ያፈጥበታል። አንዳንዱ ወታደር አውቆት በወዳጅነት አውራ ጣቱን ስርጉዱ ላይ አድርጎ ሰላም አለው። ያ ሰላምታ ከስድብ የባሰ ወጋው።

«ማርኬቶ፣ አውልቀው» አለ ወንድሙ ፊት ቆሞ።

ሰልፉ ሳቀ። «እናትህ መጣች!» አለ አንዱ። «ወተትህን ረስተህ ነው የመጣኸው?» አለ ሌላው። ማርኬቶ እስከ ጆሮው ቀላ።

አዝማች ኮራዶ በፈረሱ ቀረበ። «ምንድን ነው?»

«ጌታዬ፣ እኔ የዚህ ሁሉ ብረት ፈታኝ ነኝ። የፈተንኩት ግን መሀሉን ብቻ ነው። የዚህኛው ጎን ስስ ነው። አንድ ጊዜ ልተኩስበት ይፍቀዱልኝ።»

«ከያዘስ?»

«ከያዘ ጀርባዬን ይግረፉኝ፤ ስሜም እስከዛሬ እንዳልነበረ ይሁን።»

«እኔን ያየህ እንደሆነ» አለ ኮራዶ ባዶ የዓይኑን ጉድጓድ እየነካ፣ «የራስ ቁሬ አንድም ጭረት የለበትም። ጠማኝና የፊቱን መከለያ ከፈትኩ፤ ፍላጻዋም በከፈትኩላት መስኮት ገባች። ብረት አይገድልም፤ የሚገድለው ብረት የሌለበት ነው።» ጥቂት አሰበ። «ተኩስ። ፈጥነህ ብቻ።»

ጥሩሩን ከማርኬቶ ላይ አወለቁትና ጭድ ሞልተው በአጥሩ ግንድ ላይ፣ ጎኑን ወደ ዛኒኖ አድርገው ሰቀሉት። ማርኬቶ በሸሚዙ ብቻ ቀርቶ ጥርሱን ነክሶ ይመለከታል።

ዛኒኖ መዘውሩን ማዞር ጀመረ። በዕድሜው ሙሉ እንዲይዝ ብሎ ነው የተኮሰው፤ ዛሬም እንዲይዝለት እየለመነ ነው። ያዝ፣ በእመቤቴ ያዝ፣ እኔ ልገረፍ፣ እኔ ልዋረድ፣ ልጁ ደህና ብረት ለብሶ ይሂድ። ደግሞም አንድ ክፉ ሐሳብ መጣበት፤ ትንሽ ወደ ሸንተረሩ ዘንበል ቢያደርጋትስ? ፍላጻዋ ተንሸራታ ትወድቃለች፣ ሰው ይስቃል፣ ግርፋቱም ያልፋል፣ ዳሚያኖም እሱም እንደ ወትሯቸው ይኖራሉ። ከእሱ ሌላ ማንም አያውቅም። ጣቱ ማስፈንጠሪያው ላይ ቆየ።

ከዚያ ከብብት በታች ያለውን ቦታ አየና ለቀቀ።

«ጧ» አላለም። ሸራ ሲቀደድ የሚወጣ ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ፍላጻዋ እስከ ክንፏ ገብታ ጫፏ ጭዱ ውስጥ ተቀበረ።

ወታደሮቹ ሳያስቡት አንድ በአንድ ክንዳቸውን ወደ ጎናቸው ሰበሰቡ፤ ብርድ የመታው ሰው ይመስላሉ። ማርኬቶ ቀዳዳውን አየ፤ ከዚያ በሸሚዙ ላይ በዚያው ቦታ እጁን አደረገ።

«የኔንም ተኩስልኝ!» አለ አንዱ ማሰሪያውን መፍታት እየጀመረ።

«የኔንም!» «ከኔ ጀምር!» ሰልፉ ፈረሰ። ሁሉም ወደ ዛኒኖ ጎረፈ። ትናንት ስርጉዱን የሳመ ዛሬ በጥፍሩ ጎኑን እየነካ ጆሮውን ይደቅናል።

«ቁም!» አለ ኮራዶ ፈረሱን መሀላቸው አስገብቶ። «ሁሉን በስቶላችሁ በምን ልትዋጉ ነው፣ በወንፊት? የቆጡን እናወርዳለን ብላችሁ የብብታችሁን ልትጥሉ ነው! ማሰሪያችሁን እሰሩ! ፊታችሁን ለጠላት ቀስተኛ ስጡ፣ ክንዳችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ከባልንጀራችሁ አትለዩ። ደረታችሁ ደህና ነው። ለዳሚያኖ ስመለስ የምነግረው አለኝ።» ከዚያ አንድ ዓይኑን ዛኒኖ ላይ ተከለ። «አንተ ደግሞ እውነቱን የተናገርከው ጭፍራዬ እግሩን ሲያነሣ ነው። ትናንትና ብትመጣ እሸልምህ ነበር፤ ዛሬ ግን አንድ ሰው አጎደልክብኝ። ልጁ የተበሳውን ለብሶ ይሂድ፣ ወይም አንተ የጎደለውን ሙላልኝ፤ ቀስት ያለው ያለ ብረትም ይገባል።»

ዛኒኖ አላሰበበትም። «እኔ እሄዳለሁ» አለ።

«አይሆንም!» ማርኬቶ ዘሎ መጣ። «ቦታው የኔ ነው! ትናንት በቤትህ፣ ዛሬ በሰው ፊት፣ ሁለቴ ዘረፍከኝ! ማን ጠበቃዬ አደረገህ?»

«እናታችን» አለ ዛኒኖ።

ማርኬቶ ፊቱን አዞረ። ዛኒኖ የኦርሶላን እጀ ጠባብ በላዩ ላይ አጠለቀ። «ያቺን ድሪቶ ተመልከቷት!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ፤ የሳቀ ግን አልነበረም።

ከበሮው ተመታ፤ ጭፍራው ተንቀሳቀሰ። ዛኒኖ ቀስቱን ተሸክሞ ሲራመድ ደረቱ ላይ ነፋስ ይሰማው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ብረትን ያየው ከፊት ለፊት ሆኖ ነው፤ ከውስጥ ሆኖ ማየት ምን እንደሚመስል ጠይቆ አያውቅም። አሁን በግራውም በቀኙም እሱ ያሳለፋቸው ጥሩሮች ይሄዳሉ፤ ውስጣቸው መልክ ያላቸው ሰዎች አሉ፤ አንዱ ያስላል፣ አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ ሚስቱን ለማየት ዞር ዞር ይላል። ለእነዚህ ምን ይበላቸው? ፈራ። ደግሞም አፈረ፤ ከፍርሃቱ ሐፍረቱ በረታ።

ከኋላ የሩጫ ኮቴ ሰማ። ማርኬቶ ነው። የተበሳውን ጥሩር አቅፎ እያለከለከ ደረሰበት፤ ፍላጻዋን ነቅሏታል።

«ቁም» አለው።

ዛኒኖ ቆመ። ማርኬቶ ብረቱን በእጀ ጠባቡ ላይ አለበሰውና ተንበርክኮ የጎኑን ማሰሪያ ማሰር ጀመረ። ሁለቴ ፈታው፣ ሁለቴ አሰረው። ዛኒኖ የልጁን ጠጉር ከላይ እያየ ሆዱ ባባ።

«ተበስቷል እኮ» አለ።

«አውቃለሁ።» ማርኬቶ ተነሣና አፍንጫውን በእጁ ጠረገ። «ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል የራሱ ብረት ቀዳዳ የት እንዳለ የሚያውቀው አንተ ብቻ ነህ። ክንድህን ዝቅ አድርግ።»